ቁልፉ እጃችሁ እስኪገባ፦ በቪኤ ሎን ቤት ስትገዙ ክሎዚንጉ እንዳይንጠለጠል

ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የጭነት መኪናው ሞልቷል፤ ፍሪጁ፣ ፍራሾቹ፣ የእናቴ መሶብ ሳይቀር። የአፓርታማውን ቁልፍ አስረክበናል። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ቺፕስ ይበላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታይትል ካምፓኒ ገብተን የቤቱን ግዢ ልንፈርም ነው፤ ክሎዚንግ የሚሉት ይህን የመጨረሻ ፊርማ ነው። ስልኬ ጮኸ። ሎን ኦፊሰሩ ነው። «ትንሽ ችግር አለች፤ ዛሬ አይሆንም» አለኝ። ትንሿ ችግር አሥራ ሁለት ቀን ፈጀች። ዕቃችን ከነመሶቡ ስቶሬጅ ገባ። እኛ የባለቤቴ እህት ሳሎን ውስጥ ተደራርበን አደርን።

በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ስምንት ዓመት በግምጃ ቤት ሥራ አገልግያለሁ። ፎርም መሙላት ብርቄ አይደለም። ያም ሆኖ ፍዳዬን አየሁ። ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ወታደር የሆኑ ወዳጆቼን በዚሁ መንገድ ሳግዝ ቆይቻለሁ። ከእነሱ መካከል ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም በአማርኛ ችሎታቸው ሠራዊቱን የተቀላቀሉም አሉ። ከሁላችንም ታሪክ ያየሁት ይህንን ነው፦ በፊርማው ቀን የሚፈነዳው ነገር ከወር በፊት የተቀበረ ነው። ስለዚህ መመሪያው የሚጀምረው ቤት ማየት ከመጀመራችሁ በፊት ነው። እኔ የገዛሁት ቨርጂኒያ፣ ውድብሪጅ አካባቢ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ግን ዳላስም ሲያትልም ያው ነው።

1. ማን ምን እንደሚሠራ ለዩ

ቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ብር አያበድርም። ዋስ ነው የሚሆናችሁ። አሠራሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች በወጣው ሕግ ነው። እናንተ መክፈል ቢያቅታችሁ ቪኤ አብዛኛውን ጊዜ የብድሩን ሩብ ያህል ለአበዳሪው ይሸፍናል። ያለ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ)፣ ያለ ወርሃዊ የሞርጌጅ ኢንሹራንስ ብድር የምታገኙት በዚህ ዋስትና የተነሳ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማችኋል? ነገር ሲዘገይ ሁሉም ጣቱን ቪኤ ላይ ይቀስራል። ሻጩም፣ ሪልተሩም (የቤት ደላላው)፣ አንዳንዴ ሌንደሩ (አበዳሪው) ራሱ «ቪኤ ነው ያዘገየን» ይላል። በቀጥታ ጠይቁ፦ «የትኛው ወረቀት? በማን እጅ ነው ያለው?» አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ሌንደሩ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

የሰዎቹን ስምና ቀጥታ ስልክ በአንድ ገጽ ጻፉ። ሎን ኦፊሰሩ ያግባባችሁ ሰው ነው። ፕሮሰሰሩ ወረቀት ይሰበስባል። አንደርራይተሩ ይወስናል፤ እሱን በስልክ አታገኙትም። ታይትል ካምፓኒው የቤቱን ባለቤትነት አጣርቶ ያፈራርማል። ከሁሉም የሚጠቅማችሁ የፕሮሰሰሩ ስልክ ነው። ሳትጠይቁ ማንም አይሰጣችሁም።

2. ሲኦኢውን አውጡ፣ ስማችሁን አስተካክሉ

ብቁ መሆናችሁን የሚያረጋግጠው ወረቀት ሲኦኢ ይባላል። ብዙ ጊዜ ሌንደሩ በኮምፒዩተር በደቂቃዎች ያወጣዋል። እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ፤ በተለይ ለናሽናል ጋርድና ለሪዘርቭ አባላት። ስለዚህ ቀድማችሁ በቪኤ ድረ ገጽ ራሳችሁ ጠይቁ። ከሠራዊቱ የወጣ ሰው ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ያውም «ሜምበር 4» የሚባለው ኮፒ፤ በምን ሁኔታ እንደተሰናበታችሁ የሚናገረው እሱ ነውና። አሁንም በአገልግሎት ላይ ያለ ሰው ከአዛዡ ወይም ከሰው ኃይል ክፍሉ የተፈረመ የአገልግሎት ደብዳቤ ያቀርባል።

አሁን ወደ እኛ ጉድ እንምጣ፤ ወደ ስማችን።

የአያቴ ስም በ«ወልደ» ይጀምራል። ዲዲ 214ቴ ላይ አንድ ላይ ተጣብቆ ተጽፏል። መንጃ ፈቃዴ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ «ወልደ» የመካከል ስም ሆኗል። የዜግነት ወረቀቴ ላይ ደግሞ ከመሀሉ አንዲት ፊደል ጎድላለች። ለእኛ ይህ አንድ ሰው ነው። ለአሜሪካ ኮምፒዩተር ሦስት ሰው ነው። ያን ዓርብ ከሰዓት የመጣችው «ትንሽ ችግር» ይህችው ነበረች። የታይትል ካምፓኒው በመጨረሻ ፍተሻው ከእኔ ጋር የሚመሳሰል ስም ባለው ሰው ላይ የተፈረደ ዕዳ አገኘ። «አንተ ነህ?» አሉኝ። አይደለሁም ማለት ቀላል ነው። ማስረዳቱ ነው ቀን የሚበላው። ሰኞ ደግሞ የኮሎምበስ ቀን ሆኖ ቢሮ ሁሉ ዝግ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ስማችሁ ያለባቸውን ወረቀቶች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ፦ ዲዲ 214፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ የዜግነት ወረቀት፣ የታክስ ወረቀት። አጻጻፉን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ልዩነት ካለ ዝርዝሩን ጽፋችሁ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለሌንደሩም ለታይትል ካምፓኒውም ስጡ። «እነዚህ ሁሉ ስሞች የእኔ ናቸው» ብላችሁ የምትፈርሙበት ወረቀት አላቸው። ለመጨረሻው ቀን ካልተተወ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በውሉ ላይ የሚጻፈው ስም ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር አንድ ይሁን፤ ስትፈርሙ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሌላም አለ። የባለቤቴ የአባት ስም ከእኔ ጋር አይገናኝም፤ በአገራችን ሴት ልጅ ስታገባ የባሏን ስም አትወስድምና። አንዲት ፀሐፊ «ተፋታችኋል እንዴ?» ብላ በትህትና ጠየቀችን። የጋብቻ ወረቀታችሁ ከኢትዮጵያ ከሆነ በእንግሊዝኛ የተተረጎመውን አዘጋጁ።

3. ሌንደር ስትመርጡ ወለዱን ብቻ አትዩ

ወለድ ማወዳደር ደግ ነው፤ ከሦስት ቦታ የወጪ ግምት ተቀበሉ። እኔ ግን በሩብ ፐርሰንት ተታልዬ የቪኤ ብድር እምብዛም የማይሠራ ቦታ ሄድኩ። ፕሮሰሰሯ ስለ ቪኤ አሠራር እኔን ትጠይቀኝ ነበር። ያኔ መባነን ነበረብኝ።

ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ባለፈው ወር ስንት የቪኤ ብድር ዘጋችሁ? አንደርራይተራችሁ እዚሁ ድርጅት ውስጥ ነው? ወለዱ ለስንት ቀን ይቆለፋል (ሳይለወጥ ይቆያል)፣ ቢያልፍ የማራዘሚያውን ማን ይከፍላል? የሦስተኛውን መልስ በኢሜይል አስጽፉት። በቃል የተባለ ነገር በኋላ «እንዲያ አላልኩም» ይሆናል።

ፈንዲንግ ፊ የሚባለውን የቪኤ ክፍያ አትርሱ። ከ2023 ሚያዝያ ወዲህ (በፈረንጆቹ) ያለ ዳውን ፔይመንት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠቀም 2.15 ፐርሰንት፣ በድጋሚ ለሚጠቀም 3.3 ፐርሰንት ነው። በ450,000 ዶላር ብድር ላይ የመጀመሪያው 9,675 ዶላር ይመጣል፤ ሁለተኛው 14,850። ብድሩ ላይ መጨመር ይቻላል። ነገር ግን በአገልግሎት ላይ በደረሰ ጉዳት ከቪኤ ወርሃዊ ካሳ የሚቀበል ሰው ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው። ነፃ መሆናችሁ ሲኦኢው ላይ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አሁኑኑ አሳርሙት። የካሳ ማመልከቻችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነም ለሌንደሩ ንገሩ።

4. ገንዘባችሁን ከሁለት ወር በፊት አስቀምጡ

ዳውን ፔይመንት የለም ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም። ቀብድ አለ፣ ኢንስፔክሽን አለ፣ የታይትልና የመንግሥት ክፍያ አለ፣ ቀድሞ የሚከፈል ኢንሹራንስና የቤት ግብር አለ። ይህ ገንዘብ ከየት እንደመጣ አንደርራይተሩ ያያል። አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ይጠይቃል። ከደመወዝ ውጭ የገባ ትልቅ ገንዘብ ሁሉ ማብራሪያ ይፈልጋል።

እኛን የበላን እቁብ ነው። ክሎዚንጉ በዘገየበት ሳምንት ሌንደሩ «አዲስ ስቴትመንት ላኩ» አለ። በዚያው ሳምንት የባለቤቴ እጣ ወጥቶ 12,000 ዶላር ገብቷል። ለሶፋና ለአልጋ ይሆነናል ብለን ደስ ብሎን ነው ያስገባናት። አንደርራይተሩ ግን ሌላ ነገር አየ፦ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ፣ ምናልባትም ያልተነገረ ብድር። እቁብ ምን እንደሆነ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። «ሃያ ሰው በየወሩ ያዋጣል፣ በዕጣ ይወስዳል፣ ወለድ የለውም።» ፕሮሰሰሯ ደውላ «ሎተሪ ነው?» አለችኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ስለዚህ እቁብ ካላችሁ ከሁለት መንገድ አንዱን ምረጡ። ወይ እጣችሁን ቀደም አስደርጉና ገንዘቡ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ሁለት ወር አካውንታችሁ ውስጥ ይደር። ወይ ደግሞ ክሎዚንጉ እስኪያልፍ ሰብሳቢው ጋ ይቆይላችሁ። በመሀል መግባት ግድ ከሆነ የእቁቡን ስም፣ የወር መዋጮውንና የእጣውን ቀን የሚገልጽ የሰብሳቢው ደብዳቤ ያዙ፤ መዋጮውን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በባንክ ስትከፍሉ የነበረበትን ስቴትመንት አያይዙ። ከዘመድ የመጣ ስጦታ ከሆነ ሌንደሩ ራሱ የስጦታ ደብዳቤ ቅጽ አለው፤ ሰጪው «መልሼ አልጠይቅም፣ አይመለስም» ብሎ ይፈርምበታል።

ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩት ብርም ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ውሸት አትናገሩ። «በፈቃዴ የምረዳው ነው፣ ውል የለበትም» ብላችሁ በአጭሩ ጻፉ። የቪኤ ብድር ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፦ ዕዳችሁ ሁሉ ተከፍሎ በወር የሚተርፋችሁን ገንዘብ ይቆጥራል። ከ80,000 ዶላር በላይ ለሆነ ብድር በደቡብ ክልል፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድን ጨምሮ፣ ለአራት ቤተሰብ ቢያንስ 1,003 ዶላር መትረፍ አለበት። ልጆቻችሁን ስትቆጥሩ አትሳሳቱ፤ የቤተሰቡ ቁጥር ሲጨምር ይህም ይጨምራል።

5. ውሉ ላይ ቀን አትሽቀዳደሙ

ሪልተራችሁ «በ30 ቀን እንዘጋለን ካልን ሻጩ ይወደናል» ይላል። ይቻላል። እኔ ግን 45 ቀን እመክራለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

ውሉ ውስጥ የቪኤ «ኤስኬፕ ክሎዝ» መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። የቤቱ ግምት ከውሉ ዋጋ በታች ከመጣ ቀብዳችሁን ሳትነጠቁ እንድትወጡ የሚያደርጋችሁ አንቀጽ ነው። ከሻጩ እርዳታ የምትጠይቁ ከሆነም እንደ ፈንዲንግ ፊና የናንተን ዕዳ መክፈል ያሉት ነገሮች ከቤቱ ግምት 4 ፐርሰንት አይበልጡም። የተለመደው የክሎዚንግ ወጪ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምስጥ ምርመራም ይጠየቃል። ውሉ እንደተፈረመ እዘዙት፤ ርካሽ ነው፤ ተረስቶ ግን ስንቱን አስቆሟል።

ኮንዶሚኒየም የምትገዙ ከሆነ ሕንፃው በቪኤ የጸደቀ መሆን አለበት። ዝርዝሩ ቪኤ ድረ ገጽ ላይ አለ። ቀብድ ሳትከፍሉ እዩት።

የምለምናችሁ አንድ ነገር፦ የአፓርታማ ኪራያችሁ ከክሎዚንጉ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ውድ ይመስላል። ሁለት ሳምንት ዘመድ ቤት መሬት ላይ ከልጆች ጋር ከመተኛት ግን ይረክሳል።

6. አፕሬዛሉ፦ ዋጋውና ቀለሙ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ነው።

የቤቱን ዋጋ የሚገምተውን አፕሬዘር ሌንደሩ አይመርጥም። ቪኤ ካጸደቃቸው መካከል በተራ ይመደባል። ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው ቤቱ ምን ያህል ያወጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው ቤቱ ለመኖሪያ ደህና፣ ጠንካራና ንጹሕ ነው ወይ የሚለው ነው።

ከዋጋው እንጀምር። አፕሬዘሩ ግምቱ ከውሉ በታች ሊሆን ነው ብሎ ሲያስብ ዝም ብሎ አይጽፍም። አስቀድሞ ያሳውቃል። «ታይድዋተር» ይሉታል፤ ስሙ ከዚሁ ከቨርጂኒያ የባሕር ዳርቻ አካባቢ የመጣ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለት የሥራ ቀን አላችሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ሪልተራችሁ በአካባቢው በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ከነዋጋቸው፣ ከነስፋታቸው፣ ከተሸጡበት ቀን ጋር አዘጋጅቶ መላክ አለበት። «ቤቱ ያምራል፣ ኩሽናው አዲስ ነው» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። የሪልተራችሁን ንቃት የምትለኩት እዚህ ነው። የአንድ ወዳጄ ሪልተር ሠርግ ላይ ነበረች፤ ኢሜይሉን ሰኞ አየችው። ጊዜው አልፎ ነበር። አፕሬዛሉ እንደታዘዘ ሪልተራችሁን «ታይድዋተር ቢመጣ ተዘጋጅተሃል?» በሉት። ምን እንደሆነ ካላወቀ ሌላ ጭንቀት ጀመረ ማለት ነው።

ግምቱ በመጨረሻ ዝቅ ብሎ ከወጣስ? በሌንደሩ በኩል ድጋሚ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ሻጩ ዋጋ እንዲቀንስ መደራደር ይቻላል። ልዩነቱን ከኪስ መክፈል ይቻላል። መውጣትም ይቻላል፤ ኤስኬፕ ክሎዙ ለዚህ ነው። ከኪስ የመክፈሉን ነገር ሁለቴ አስቡበት።

ወደ ቀለሙ እንሂድ። የእኛ ቤት የተሠራው በ1968 ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር። ከ1978 በፊት የተሠሩ ቤቶች ቀለማቸው እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የተላጠ ቀለም ካለ አፕሬዘሩ ይጽፈዋል። እኔ ቤቱን አምስት ጊዜ ሳየው አንድም ቦታ የተላጠ ነገር አላየሁም። አፕሬዘሩ ግን ከጓሮ ያለችውን የመሣሪያ ጎጆ መስኮት አየ። የመዳፍ ታህል የተላጠች ነጭ ቀለም። ለእሷ ስንል ቤቱ በሙሉ ቆመ። ሻጩ አዛውንት ነበሩ፤ «ሃምሳ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ማንንም አልገደለም» አሉ። መጨረሻ ላይ ልጃቸው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ፍቆ ቀባው። አፕሬዘሩ ተመልሶ አይቶ ፎቶ እስኪያነሳና ወረቀቱ እስኪታረም ግን ዘጠኝ ቀን ሄደ።

ስለዚህ የግዢ ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት ቤቱን በአፕሬዘር ዓይን ዙሩት። የጓሮ ጎጆና ጋራዥ ሳይቀር። የተላጠ ቀለም፣ የጣሪያ ፍሳሽ ምልክት፣ መደገፊያ የሌለው ደረጃ፣ የተንጠለጠለ ሽቦ፣ የማይሠራ ማሞቂያ፣ ቤቱ ሥር የቆመ ውሃ። ካያችሁ «አፕሬዘሩ ከመምጣቱ በፊት ይጠገን» ብላችሁ ውሉ ላይ አስገቡ። ሻጩ እምቢ ካለ ጥገናውን ራሳችሁ መክፈልም ትችላላችሁ፤ ያልተረከባችሁትን ቤት መጠገን ግን አደጋ አለው፤ ሽያጩ ቢፈርስ ብራችሁ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ደግሞም አፕሬዛል ኢንስፔክሽን አይደለም። አፕሬዘሩ ቧንቧ ከፍቶ አያይም። የራሳችሁን ኢንስፔክተር ቅጠሩ።

7. ዝም በሚባልባቸው ሳምንታት

ውል ተፈርሟል፣ አፕሬዛሉ ገብቷል፣ ስልክ አይደውልም። ሰው የሚያብደውም የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

ሥራ አትቀይሩ። መኪና አትግዙ። በዱቤ ምንም አትውሰዱ። አንድ ወንድማችን ለአዲሱ ቤት ሶፋ በ«ዜሮ ወለድ» ወሰደ። ለእሱ ነፃ ነበር፤ ለአንደርራይተሩ አዲስ ወርሃዊ ዕዳ። ሌንደሩ ከመዝጋቱ በፊት ክሬዲታችሁን ድጋሚ ያያል፤ መሥሪያ ቤታችሁም ደውሎ አሁንም እዚያ መሆናችሁን ይጠይቃል። ለሰው ኃይል ክፍላችሁ ወይም ለአለቃችሁ «ስልክ ይመጣል» ብላችሁ ንገሩ። የሚመልስ ሰው ጠፍቶ የቆመ ክሎዚንግ አውቃለሁ።

የራይድ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ሌንደሩ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀት ይፈልጋል። የሚቆጥረው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ያለውን ትርፍ ነው። በታክስ ጊዜ ወጪ አብዝታችሁ ከሆነ ገቢያችሁ እዚህ ሲያንስ አትደነቁ።

የፌዴራል ዕዳም ይታያል። ጊዜው አልፎ ያልተከፈለ የተማሪ ብድር ካለ በአንድ የመንግሥት መዝገብ ላይ ስማችሁ ብቅ ይላል፤ ቀድማችሁ ፍቱት።

በየማክሰኞውና በየሐሙሱ ጠዋት ለፕሮሰሰሩ አጭር ኢሜይል ላኩ፤ ለሎን ኦፊሰሩና ለሪልተሩም ኮፒ አድርጉ። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ከእኔ የቀረ ነገር አለ? ከሌላ ሰው የምትጠብቁት አለ? የክሎዚንጉ ቀን እንዳለ ነው? መሰልቸት አይግባችሁ። የተጠየቃችሁትን ወረቀት በዚያው ቀን ላኩ፤ ሙሉ ገጹን፣ ባዶ የሆነው የመጨረሻ ገጽ ሳይቀር። «ገጽ 4 ከ5» አይቶ አምስተኛውን የማይጠይቅ አንደርራይተር የለም።

የቤት ኢንሹራንሱን ከክሎዚንጉ ሁለት ሳምንት በፊት ጨርሱ። ይህ ቀላል ነው።

8. ሦስቱ ቀናት

ከመፈረማችሁ በፊት የመጨረሻው የወጪ ሰነድ፣ ክሎዚንግ ዲስክሎዠር፣ ይደርሳችኋል። ሕጉ ከፊርማው ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን በፊት መድረስ አለበት ይላል። ዓርብ ለመፈረም ማክሰኞ መድረስ አለበት። ለዚህ ቆጠራ ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፤ እሑድና የፌዴራል በዓል አይቆጠሩም።

ወጥመዱ ሰነዱ በኢሜይል ሲመጣ ነው። ከፍታችሁ «ደርሶኛል» ካላላችሁ የሦስት ቀኑ ቆጠራ ሊዘገይ ይችላል። ባልም ሚስትም ተበዳሪ ከሆናችሁ ሌንደሩ ሁለታችሁም እንድትከፍቱት ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ ሳምንት የኢሜይላችሁን ስፓም ሳይቀር በቀን ሦስቴ እዩ።

ሰነዱን መጀመሪያ ከተሰጣችሁ የወጪ ግምት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ወለዱ፣ ፈንዲንግ ፊው፣ የሌንደሩ ክፍያዎች፣ ሻጩ እሰጣለሁ ያለው ገንዘብ። ከክፍያው ነፃ የሆነ ሰው ፈንዲንግ ፊ ተጽፎበት ካገኘ እዚያው ይጩህ።

ስህተት ማሳረም ሌላ ሦስት ቀን ያስጠብቃል ብለው ያስፈሯችኋል። ሁልጊዜ አይደለም። ቆጠራው እንደ አዲስ የሚጀምረው ዓመታዊ የወለድ መጠኑ ከተፈቀደው ልክ በላይ ከተዛባ፣ የብድሩ ዓይነት ከተቀየረ፣ ወይም ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት ከተጨመረ ነው። የፊደል ስህተትና የሃምሳ ዶላር ልዩነት ቀን አያስጠብቅም።

9. ገንዘቡን ስትልኩ

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ረቡዕ ማታ ከታይትል ካምፓኒው ኢሜይል መጣለት። የቤቱ አድራሻ አለ፣ የክሎዚንጉ ቀን አለ፣ የሪልተሩ ስም አለ። «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል፣ ወደዚህኛው ላክ» ይላል። የኢሜይሉ አድራሻ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ልዩ ነበረች። ደግነቱ ሚስቱ ተጠራጣሪ ናት። «መጀመሪያ ደውል» አለችው። የታይትል ካምፓኒው ምንም አልላከም ነበር።

የምትደውሉት በኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር አይደለም፤ መጀመሪያ ከያዛችሁት ወረቀት ላይ ባለው ነው። የባንክ ቁጥሩን በቃል አንብበው ያረጋግጡላችሁ። ከተቻለ ባንክ ሄዳችሁ በአካል ላኩ። ከቀኑ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይግባ።

10. ቀኑ ቢገፋ

ሎን ኦፊሰሩ ደውሎ «ዛሬ አይሆንም» ካላችሁ መጀመሪያ አትጩኹ። እኔ ጮኼ አይቻለሁ፤ አልረዳኝም። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የጎደለው ምንድን ነው? ማን ነው የያዘው? በየትኛው ቀንና ሰዓት ይደርሳል? መልሱን በኢሜይል እንዲጽፍላችሁ አድርጉ።

በዚያው ቀን ሪልተሩ የማራዘሚያ ውል በሁለቱም ወገን ያስፈርም። አለበለዚያ ውሉ ጊዜው አልፎበት ሻጩ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። የወለድ መቆለፊያው መቼ እንደሚያልፍ እዩ። ጥፋቱ የሌንደሩ ከሆነ የማራዘሚያውን እሱ እንዲከፍል ጠይቁ፤ በክፍል 3 ያስጻፋችሁት ኢሜይል ዋጋ የሚያወጣው አሁን ነው። እኔ አላስጻፍኩም ነበር፤ ከፈልኩ።

ሻጩ «በየቀኑ ቅጣት ክፈሉኝ» ሊል ይችላል። ተደራደሩ። «ዕቃችሁን ቀድማችሁ አስገቡ» ቢልስ? ደግ ሰው ነው፤ ኢንሹራንስና ተጠያቂነት ያለበት ነገር ስለሆነ ግን ያለ ጽሑፍ ስምምነት አትግቡ።

ሌንደሩ ዝም ካለ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ጠይቁ። ከዚያ ወደ ቪኤ የብድር ክፍል ደውሉ፦ 877-827-3702። ሌንደሩን አዝዞ አያስፈርምላችሁም፤ ፋይሉ የት እንደቆመ ግን ያያል፤ ቪኤ መጠየቁ ራሱ ሌንደሩን ያነቃዋል። እኔ ሰኞ ደወልኩ፤ የተዘጋ ቢሮ ነበር። ማክሰኞ ደወልኩ። ረቡዕ ፕሮሰሰሯ በራሷ ደወለችልኝ።

በግዳጅ ላይ ላለና በአካል መፈረም ለማይችል ሰው ውክልና ይቻላል። የቤቱንና የብድሩን ዝርዝር የሚጠቅስ ልዩ ውክልና መሆን አለበት፤ አጠቃላይ ውክልና አይበቃም። በፊርማው ጊዜ ሌንደሩ በሕይወት መኖራችሁንም ያረጋግጣል፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት ከክፍላችሁ ጋር መገናኛ መንገድ አበጁ።

11. የፊርማው ቀንና ከዚያ በኋላ

ጠዋት ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ዙሩ። ውሃ ክፈቱ፣ ምድጃ አብሩ፣ ሽንት ቤት ልቀቁ። መንጃ ፈቃድ ያዙ፤ ጊዜው ያላለፈበት። የማይገባችሁ ገጽ ላይ ቁሙና ጠይቁ፤ አፈራራሚው ይጠብቃል።

በስልሳ ቀን ውስጥ እንድትገቡበት ይጠበቃል። የቪኤ ብድር ለመኖሪያ እንጂ ለማከራያ አይደለም።

ከገባችሁ በኋላ ሦስት ጉዳይ ይቀራል። አንደኛ፣ የካሳ ማመልከቻችሁ በኋላ ጸድቆ የሚጀምርበት ቀን ከክሎዚንጉ በፊት ከሆነ የከፈላችሁት ፈንዲንግ ፊ ሊመለስ ይችላል። በዚያው ስልክ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በቨርጂኒያ በአገልግሎት ምክንያት መቶ በመቶና ቋሚ የአካል ጉዳት ያለበት የቀድሞ ወታደር ከሚኖርበት ቤት ግብር ነፃ ነው። ወደ ካውንቲው ግብር ቢሮ ከቪኤ ደብዳቤው ጋር ሂዱ። ሌሎች ስቴቶችም የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ሦስተኛው የፖስታ ሳጥናችሁ ነው። በመጀመሪያው ወር የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ ይዘንባል። ንስር ያለበት ማኅተም፣ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ»፣ «የቤት ባለቤትነት ኮፒዎን ለማግኘት 119 ዶላር ይላኩ»። ቅጂው ካውንቲው ጽሕፈት ቤት በጥቂት ዶላር ይገኛል። ብድራችሁ ለሌላ ድርጅት ተሸጧል የሚል ከመጣ ግን አትጣሉት፤ ያ እውነት ሊሆን ይችላል። ለአዲሱ ከመክፈላችሁ በፊት ከአሮጌውም ተመሳሳይ ደብዳቤ መምጣቱን እዩ። እኔ በሁለተኛው ወር ሁለቱም በአንድ ቀን ደረሱኝ፤ መሶቡ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ፋይል ካቢኔው ገና ከስቶሬጅ አልወጣም ነበር።